አዲሱ ኮምፒውተር የጠየቀኝ ስም

የዚያን ቅዳሜ ቤታችን የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሐይቁ ማዶ ባለችው ቤልቪው ከተማ ቢሮ የምትሠራው ትልቋ ልጄ፣ ሃይስኩል የምትማረው ትንሿ ልጄ፣ እና ከከተማው ደቡብ፣ ከቡሪየን አውቶቡስና ባቡር ቀያይረው ምሳ ሊበሉ የመጡት የባለቤቴ አጎት ነበርን። አንዲት ሰው ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበረች። እሷን ማናችንም አልቆጠርናትም።

ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። በእጄ የሠራሁት ዳንቴል አለው። ተጠቅሜበት ስጨርስ አጠፋዋለሁ፣ ሶኬቱን ከግድግዳ እነቅላለሁ፣ ከዚያ ዳንቴሉን አለብሰዋለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። እኔ ግን ሶኬት ሳልነቅል ከቤት መውጣት አልችልም። አንድ ቀን ኖርዝጌት ጣቢያ ደርሼ፣ ባቡሩ መጥቶ በሩ ከተከፈተ በኋላ ካውያው ትዝ ብሎኝ ወደ ቤት ተመልሻለሁ። ካውያው ተነቅሎ ነበር። ተነቅሎ ማየቴ ግን ደስ አለኝ።

ትልቋ ልጄ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ስትነግረኝ ነበር። «ሶ፣ ማሚ፣ የዚህ ኮምፒውተር ሲስተም አርጅቷል። ከእንግዲህ አፕዴት አያገኝም። ሌባ በቀላሉ ሊገባበት ይችላል።» ሌባ የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ የፈለገችውን ብትለኝ እሺ ባይ ነኝ። ማሽኑን እንዳንጥለው ብቻ ለመንኳት። መጣል አያስፈልግም፣ ደህና ነው፣ የሚቀየረው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው አለችኝ። እሱ ምን እንደሆነ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና፣ ቤቱ ያው ነው፣ የቤቱ አስተዳዳሪ ነው የሚለወጠው ብላ አስረዳችኝ። የድሮው ምን አጥፍቶ ነው የሚባረረው ብዬ ጠየቅኩ። ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ሆኖ «ጡረታ ወጣ በይ» አለኝ።

ልጄ ሥራውን ልትጀምር ስትል አጎታችን ቆይ አሏት። እሳቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። አዲስ መኪና ሲገዛ፣ አዲስ ቤት ሲገባ የሚጸልዩት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ዳንቴሉ ላይ ጭነው ለኮምፒውተሩ ጸለዩለት። ከሌባ፣ ከቫይረስ፣ ልጆችን ከሚያጠፋ ነገር ሁሉ ጌታ እንዲጠብቀው ለመኑ። ከዚያ ለትልቋ ልጄ የቤልቪው ሥራም፣ ለትንሿ ልጄ ፈተናም፣ ለባለቤቴ ወገብም ጸለዩ። ትልቋ ልጄ ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች፣ ዓይኗን ጨፍና እስከ አሜን ድረስ ጠበቀች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ምን ምን እንዲቀመጥልኝ እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ የድሮው ሁሉ ይጠፋልና። ፎቶዎቹን አልኳት። መዝሙሮቹን፣ አረጋውያን ለመንከባከብ የወሰድኩትን ሰርተፍኬት፣ የትንሿን ልጅ የክትባት ወረቀት። ሁሉንም ወደ አንዲት ትንሽ ዕቃ ገለበጠቻቸው። እኔም ፎቶዎቹ እውነት መግባታቸውን አንድ በአንድ እያስከፈትኩ አየሁ። «ሌላስ ማሚ? እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። ሌላ የለም አልኳት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው እትዬ ትዝ አላለችኝም። ሰው ከዕቃ ጋር ተቆጥሮ እሷንም አሻግሪልኝ ይባላል ብዬ እንዴት ላስብ።

ምሳ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ብቻውን ሥራውን ቀጠለ። እኔ ሳህን ይዤ ሳልፍ እጄ ራሱ ወደ ሶኬቱ ሄደ። ልጄ ከወንበሯ ዘላ እጄን ያዘችው። አሁን ከተነቀለ ሁሉም ነገር ይበላሻል አለች፤ ከዚያ በኋላ እህቷን ሳህኗን አስይዛ ሶኬቱ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠቻት። ትንሿ ልጄ ምሳዋን እንደ ዘበኛ ቁጭ ብላ በላች። ወጥ ልጨምርላት ስጠጋ «ማሚ፣ ስቴፕ ባክ» ትለኝ ነበር።

እትዬ ማለት እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ ያገኘኋት ሰው ናት። ባለቤቴ በዲቪ ቀድሞ መጥቶ፣ እኔ ትልቋን ልጄን ይዤ ተከተልኩት። ቡሪየን ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አቅራቢያ ባለ አፓርትመንት እኛ ታች፣ እሷ ላይ ነበርን። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቁምሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጫሉ። በመጣሁ ሰሞን ሽንኩርት ሳቁላላ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል ጮኸ። ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ ልጄን አቅፌ በባዶ እግሬ ወደ ውጭ ሮጥኩ። እትዬ ከላይ ወረደች። ቀጥ ብላ ገብታ፣ ከኩሽናዬ ትሪ አንስታ ደወሉን ስታራግበው ዝም አለ። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ «ነይ ግቢ ሙሽራዬ፣ ሽንኩርትሽ ሳያር ድረሺለት» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ለእሷ ሙሽራዬ ሆንኩ፣ እሷ ለእኔ እትዬ።

በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች ስሟን ጠርቼ አላውቅም። አልጠየቅኋትምም። እንደኔ ባለ ቤት ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም። ታላቅን ማን ልበልሽ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው። ከሰነበቱ በኋላ መጠየቅ ደግሞ ከድፍረትም ይብሳል፤ እስከ ዛሬ ሳታውቂኝ ነው እንዴ ያሰኛል። እሷም ስሜን ጠይቃኝ አታውቅም። አንድም ቀን ግን ስም ቸግሮን አልተጠፋፋንም። ከደረጃው ሥር ሆኜ እትዬ ካልኩ እሷ ናት የምትወጣው።

ልጇ ሌላ ስቴት ሥራ ሲያገኝ ይዟት ሄደ። ከመሄዳቸው በፊት ቤታችን መጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ የቪዲዮ መደወያ ፕሮግራም ከፈተልኝ። ኢሜይሉንም የይለፍ ቃሉንም የሞላው እሱ ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሻይ ነበር የማቀርበው። በእናቱ ስም ቦታ ጽሕፈት እንዳይከብደኝ ብሎ የቀይ ጽጌረዳ ሥዕል አደረገልኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሩ ይጮሃል፣ ጽጌረዳዋን እጫናለሁ፣ እትዬ ትወጣለች። ስልክ ቁጥሯ በየጊዜው ይቀያየር ነበር፤ የእኛም ተቀይሯል። ፊት ለፊት እየተያየን ቁጥር ምን ያደርግልናል ብለን ተውነው። የምትኖርበትን ከተማ ስም ነግራኛለች፤ እኔ ግን የያዝኩት ብርዱን ብቻ ነው። በረዶውን በመስኮት ታሳየኛለች፣ እኔ ዝናባችንን አሳያታለሁ። አንዳንዴ ድስቱን ወደ ካሜራው አምጪው ትለኝና አይታ «ውሃ አብዝተሽበታል» ትለኛለች። ልጇ ሹፌር ነው፤ ለቀናት ይጠፋባታል። ሰፈሯ ውስጥ ሐበሻ የለም። አንድ ጊዜ፣ ሳምንቱን ሙሉ አማርኛ የማወራው ከግድግዳው ጋር ነው፣ ቅዳሜ ብቻ ነው ግድግዳው የሚመልስልኝ አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን። በመጨረሻ አብረን እንጸልያለን፣ ከዚያ አንቺ ዝጊው፣ አንቺ ዝጊው ስንባባል እንቆያለን።

ሲስተሙ በተቀየረበት ቅዳሜ ከልጇ ጋር የሚሠራ ሰው ሰርግ ስለነበረባት እንደማትደውል ነግራኝ ነበር። ለዚህ ነው ያላሰብኳት።

የመጀመሪያው ሳምንት በአዲሱ ሲስተም አለፈ። እኔ ኮምፒውተር የማውቀው እንደ ኩሽናዬ ነው፤ በቦታው። ጨው የቱ ጋ እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ፤ እንደዚሁ መዝሙሮቹ ከላይ ሦስተኛው ሥዕል ላይ፣ ፎቶዎቹ ከሥሩ እንዳሉ አውቅ ነበር። አሁን የሆነ ሰው ሌሊት ገብቶ ጨውን በርበሬ ቦታ ያደረገው ይመስል ሁሉም ተዟዙሯል። በቀኝ በኩል የነበረው መዝጊያ ወደ ግራ ሄዷል። ገጹን ወደ ታች አወርዳለሁ ስል ወደ ላይ ይወጣል። ልጄ ደግሞ ደስ ይለኛል ብላ ቋንቋውን አማርኛ አደረገችልኝ። እንግሊዝኛው በነበረበት ጊዜ አላነበውም ነበር፤ መልኩን ነበር የማውቀው። አማርኛውን ግን ማንበብ እችላለሁና አነበብኩት፤ አነበብኩትና አልገባኝም። ነባሪ ይላል። አቃፊ ይላል። አምስተኛ ክፍል ድረስ ስማር እንዲህ ያለ አማርኛ አላስተማሩኝም። ቤልቪው ቢሮ የምትሠራውን ልጄን ደውዬ ብጠይቃት፣ እሷም አማርኛው ይከብዳታልና፣ መልሳ እኔን ምን ማለት ነው አለችኝ።

አንድ ነገር ግን ወደድኩለት። ሳይጠይቅ ምንም አያደርግም። ፋይሉን ልክፈት፣ ይፈቅዳሉ? ይላል። ላጥፋው፣ እርግጠኛ ነዎት? ይላል። አንቱ ይለኛል። እኔም እርግጠኛ ሳልሆን ምንም ነገር የማላደርግ ሰው ነኝና፣ በዚህ ጠባዩ ተግባባን። ልጆቼ ጥያቄው ያሰለቻቸዋል። እኔ ግን በየጊዜው ቁጭ ብዬ አስብበታለሁ። ባለቤቴ እኔና ኮምፒውተሩ እየተያየን ዝም ስንል ሲያገኘን ማን ቀድሞ እንደሚወስን ለማየት ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ቅዳሜ ደረሰ። ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ድስቴን አጥፍቼ፣ ዳንቴሉን አንስቼ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩ ዝም አለ። ሰዓቱ አለፈ። ጽጌረዳዋን ፈለግኋት፤ የለችም። ከላይ እስከ ታች ያሉትን ሥዕሎች በሙሉ ተጫንኳቸው። የሆነ ካልኩሌተር ተከፈተ፣ የሆነ የካርታ ጨዋታ ተከፈተ። ልጆቼን ጠራሁ።

ትልቋ ልጄ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። የድሮው ፕሮግራም አዲሱ ላይ አይሠራም፤ በየትኛው ኢሜይል እንደተከፈተም እኔ አላውቅም። የድሮው ሁሉ ደግሞ ተሰርዟል። ቶሎ ብላ ሌላ መደወያ ከፈተችና ግድ የለም፣ ዛሬውኑ እናገኛታለን አለችኝ። ነጭ ሳጥን መጣ፤ የሰውዬውን ስም ያስገቡ ይላል።

«ኦኬ ማሚ፣ ሙሉ ስሟን ንገሪኝ፣ ሰርች ላድርጋት።»

«እትዬ» አልኳት።

«እትዬ ማን?»

ባለቤቴን አየሁት። እሱ ወደ ኩሽና ሊሄድ ተነሳ። ስጠራው በሩ ላይ ቆሞ አገጩን አሻሸ። «እኔ የላይኛዋ ነው የምላት» አለ። ትልቋ ልጄ ራሷ ልጅ ሆና በእሷ እጅ ነው የበላችው፤ «ትልቋ እማዬ» ነበር የምትላት። የእትዬን ልጅ ስም ጠየቀችኝ። ማሙሽ አልኳት። ማሙሽ ደግሞ ስም አይደለም፤ በየቤቱ አለ። ትንሿ ልጄ ስልኳን አስቀምጣ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን። «አር ዩ ሲሪየስ?» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት?»

አጎታችን እንደሚያውቁ እርግጠኛ ነበርኩ፤ እትዬ ወደ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነበር የምትመጣው። ደወልኩላቸው።

«ያቺ ሳቂታዋ? እንዴት አላውቃትም ልጄ። ሁለተኛው ረድፍ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። እናቴ ስትሞት እኔ ዘንድ ሦስት ቀን ሙሉ ማን ቆመ?»

«ስሟ ማን ነበር ጋሼ?»

አንድ ሁለት ስም ሞካከሩና ተዉት።

«እህታችን ነው የምላት» አሉ በመጨረሻ። «ስሟን ጌታ ያውቀዋል።»

«ጌታማ ያውቀዋል ጋሼ፤ ኮምፒውተሩ ነው ያላወቀው» አልኳቸው። ያኔ እኔም ሳቅ መጣብኝ። ሁላችንም መሬት ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን። ልጄ እየሳቀች ነጩ ሳጥን ውስጥ እትዬ ብላ ጻፈች። አንድ ጢማም ሰውዬ ወጣ። ባለቤቴ ጠጋ ብሎ አየውና «እሷ አይደለችም፣ እሷ እንኳ ጢም የላትም» አለ።

ማታ ራት ላይ ግን ሳቁ አለቀብኝ። እኔ እትዬ ደህና መሆኗን አውቃለሁ፤ የጠፋችው በእኛ ኮምፒውተር ምክንያት ነው። እሷ ግን ይህን አታውቅም። እዚያ በረዶ ውስጥ ቁጭ ብላ ትደውላለች፣ የሚያነሳ የለም። ሙሽራዬ ታማለች ትላለች። ወይም ሰለቸኋት ትላለች። ሁለተኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ግፊት አለባት፤ መጨነቅ አይስማማትም። በዚያ ላይ ከግድግዳው ጋር ትቀራለች።

በማግሥቱ ከአምልኮ በኋላ ባለቤቴ ሳልጠይቀው መኪናውን ወደ ቡሪየን አዞረው። የድሮው አፓርትመንት ሥራ አስኪያጁ ተቀይሯል፤ አዲሱ የድሮ ተከራዮችን ነገር መናገር አይፈቀድልኝም አለን፤ በትሕትና። መንገዱን ተሻግረን እትዬ ቅመም የምትገዛበት ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ያው ነው፤ ትግርኛ ያለበት አማርኛውም ያው ነው። ገና እኔን ሳይለየኝ እሷን ነው ያስታወሰው።

«ያቺ ምስሩን በእጇ ካልበጠረች የማትገዛዋ? ኧረ እሷን እንዴት እረሳለሁ፣ ሁለት ከረጢት ቅዳልኝ ብላ አንዱን መልሳልኛለች፤ ጠጠር አለበት ብላ። እውነትም ነበረበት።»

ስሟን ጠየቅኩት።

«ደንበኛዬ ነበር የምላት» አለ። አይቶኝ አዘነና ስልክ ቁጥሬን ጽፎ ገንዘብ መቀበያው ላይ ለጠፈው። ከዚህ ሰፈር የሄደ ሰው ቅመም ፍለጋ አንድ ቀን ይደውላል፣ እጠይቅልሻለሁ አለኝ። አንድ ከረጢት ምስር ገዛን። ባለቤቴ መኪና ውስጥ ሆኖ በእጁ በጠረው።

ትልቋ ልጄ ከቢሮዋ ሰዎች ጋር ተነጋግራ የተሰረዘውን ለማውጣት ሞከረች፤ አልሆነም። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አለችኝ። ደጋግማ ጠይቃኛለች፣ ሌላ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ነግሬያት ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አደረግሁት። ቤልቪው ብትሠራም ልጅ ናት።

መላውን ያመጣችው ትንሿ ናት። ስም የማይጠየቅበት ቦታ አለ አለችኝ፤ ሐበሾች የሚያነቡት ቦታ። «ስሟን ካላወቅሽ እሷን ጻፊያት» አለችኝ፣ በአማርኛ፣ እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል። ሰው ሲያነባት ያውቃታል አለች። ከዚያ የአማርኛ መጻፊያውን አወጣችልኝ። «ለ»ን ስፈልግ ኤልን እጫናለሁ። መጀመሪያ አንድ መስመር ለመጻፍ ሻዬ ይቀዘቅዝብኝ ነበር። አሁን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ። መዝጊያው በግራ መሆኑንም እጄ ለምዶታል፤ ሥራ ቦታ የማስታምማቸው አሮጊት ኮምፒውተር ላይ አሁን በግራ ፈልጌ አጣዋለሁ። ነባሪ ምን ማለት እንደሆነም ገብቶኛል፤ ሌላ ካልመረጡ በስተቀር እንዳለ የሚቆይ ማለት ነው።

ይህን የጻፍኩት በዚሁ ኮምፒውተር ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በደወል ሰዓቷ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ እያነበበ አጠር አድርጊው ይለኛል። እኔ ግን ለይታችሁ እንድታውቋት ብዬ ነው ያረዘምኩት።

አጠር ያለች ናት። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። የቀኝ እግሯን ትንሽ ታነክሳለች፤ ደረጃ ስትወርድ ጎን ለጎን ነው የምትረግጠው። ልጇ ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ዝምተኛ ነው። ብርድ በበዛበት ከተማ፣ ሐበሻ በሌለበት ሰፈር ትኖራለች። እኔ ደህና ነኝ፤ አልታመምኩም፣ አልተቀየምኳትም፤ ኮምፒውተር ነው የቀየርነው።

የምታውቋት ወይም ያያችኋት ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንደሆነች ንገሩኝ።